የአራቱ ክኒን ልክ

አረጋዊው ኑርዬ ሆስፒታል በገቡ በማግስቱ ሞቱ። በሕይወት ሳሉ የተወሰደው የደማቸው ምርመራ ውጤት ሐይቅ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ፣ ታናሽ ወንድማቸው ማህዲ በገዳይነት ተጠርጥሮ ታስሮ ነበር። ወረቀቱ «የልብ መድኃኒት ተገኝቷል» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

መርማሪው ኢንስፔክተር ጥሩብርሃን ወረቀቱን መልሶ ላከው።

«መድኃኒቱን ሲውጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መገኘቱ ምን ይገርማል? ምን ያህል እንደሆነ ለክታችሁ ንገሩኝ።»

ከዚያ ወደ ሟቹ ቤት ወረደ። ልጃቸው ፈዲላ ደጅ ላይ ጠበቀችው።

«አጎቴ ነው የገደለው። በመሬት ድንበር ተኳርፈው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። መድኃኒቱ ከሐይቅ ሲጠፋ፣ ከደሴ አምጥቶ ደጃፋችን ላይ ጥሎት ሄደ። መርዝ ባይኖርበት አባቴ በሳምንቱ ይሞት ነበር?»

ሚስታቸው ዑምኩልሱም መደብ ላይ ኩርምት ብለዋል።

«መድኃኒቱን የሚሰጧቸው እርስዎ ነበሩ፣ እናቴ?»

«ከእኔ በቀር ማን ይሰጠዋል፣ ልጄ! ስምንት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት አራት ፍሬ። አንድ ቀን አዛብቼ አላውቅም።»

«ሕመማቸው እንዴት ጀመራቸው?»

«ምግብ አስጠላው። ኋላ ነጩ ሁሉ ቢጫ ሆነብኝ አለ።»

ጥሩብርሃን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ካርቶን አነሳ፤ አንዱ አሮጌና ባዶ፣ ሌላው አዲስ። ከመድኃኒቱ ስም ሥር ያለችውን ደቃቅ ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበበ።

እስር ቤት ማህዲን ጠየቀው። «መድኃኒቱን ስታደርስ ምን አልክ?»

ማህዲ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ፍረዱብኝ። አልከራከርም።»

ሁለተኛው ውጤት እንደመጣ፣ ጥሩብርሃን ማህዲን በካቴና ይዞ ቤተሰቡ ፊት ቆመ።

«መርዝ የለም። ደማቸው ውስጥ የተገኘው የገዛ መድኃኒታቸው ነው፤ ከሚገባው አራት እጥፍ። ነጩን ቢጫ ያስመሰለባቸውም እሱ ነው። የሁለቱ ካርቶን ስም አንድ ነው፤ ኃይላቸው ግን ለየቅል። ከአዲሱ አንዱ ፍሬ የድሮውን አራት ያህላል። ፍሬው በትክክል ተቆጥሯል፤ መጠኑን ግን የለካው የለም።»

«አራት ነው የሰጠሁት...» አሉ ዑምኩልሱም።

ጥሩብርሃን ወደ ማህዲ ዞረ። «የደሴው ባለ መድኃኒት ቤት አስታውሶሃል። ‹ከዚህ በቀን አንድ ብቻ› ብሎሃል።»

«ብሎኛል። ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን ኩርፊያው አሸነፈኝ። ቃል ሳልተነፍስ አስቀምጬው ተመለስኩ። አራት አራት ሲውጥ እንደሰነበተ የገባኝ ታመመ ሲባል ሮጬ መጥቼ፣ ሆስፒታል ካደረስኩት በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«የወንድሜ ሚስት ‹በእጄ ሞተ› ብላ ከምትኖር፣ ማህዲ ገደለው ቢባል ይሻላል ብዬ።»

ፈዲላ አንገቷን ደፋች። ዑምኩልሱም ቀና አሉ።

«ማህዲ፣ መድኃኒቱን ያመጣህ ዕለት ወንድምህ ቤት ነበረ እኮ። ኮቴህን ሰምቶ ‹ወንድሜ መጣ› ብሎኝ ነበር። እስክታንኳኳ እየጠበቀህ ነበር።»

ማህዲ ካቴና በገባበት እጁ ፊቱን ሸፈነ።