ከአዲሱ መኪና ሆድ ስር

«እግርሽን ሰብስቢ፣ ከውጭ ይታያል» አለች ጓደኛዋ በሹክሹክታ።

መርማሪዋ እግሯን ሰበሰበች። ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ከአባቷ አዲስ የጭነት መኪና ሆድ ስር ገብታለች። በአንድ እጇ ብሩሽ፣ በሌላው የተቃጠለ ዘይት የሞላ ጣሳ ይዛለች። ዘይቱ በክርኗ አድርጎ ብብቷ ደርሷል። የቤት ሥራዋን በዚህ ትጋት ብትሠራ ኖሮ ስንቱን አስተማሪ ባስደሰተች።

መርማሪዋ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። በአዲስ ካልሲ ላይ ቀዳዳ፣ ገና ቀለሙ ባልደረቀ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ የምታገኝ እሷ ናት። መኪናው ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከፊት ቆሞ ቀለሙንና መብራቱን ሲያደንቅ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ስሩን አየች። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራም፣ ጎማን ከጎማ የሚያያይዘው ወፍራም ብረትም፣ ብሎኖቹም ሳይቀሩ ቡናማ ዝገት ለብሰዋል።

አባቷ የራሱን መኪና ያገኘው አሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ነው። «አዲስ ነው ብለው አሮጌ ሸጡለት» የሚል ወሬ ከበር በር ሲዞር ታያት። ስለዚህ ለእናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። የነገረችው ለጓደኛዋ ብቻ ነው።

ጓደኛዋን ክፍሉ ሁሉ እሜቴ አውቃለሁ ይላታል፤ የማታውቀው ነገር የለማ።

«አውቃለሁ፣ የዝገት መድኃኒቱ ዘይት ነው» አለቻት። «አጎቴ ጋራዥ ሲሠሩ አይቻለሁ። የዛገውን ሁሉ መለቅለቅ ነው፣ አለቀ።» ዘይቱንም ከዚያው ጋራዥ ያመጣችው እሷ ናት።

ለቀለቁት። ከፊት ጎማዎቹ በስተውስጥ ያለው ሳህን የሚመስል ክብ ብረትም ዝጎ ስላገኙት አልማሩትም። የግራውን መርማሪዋ፣ የቀኙን ጓደኛዋ አዳረሱት።

እጃቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ አባቷ ጎረቤታቸውን መካኒክ ይዞ ግቢ ገባ። የዛሬው የአዲሱ መኪና የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ አባቷ ከአናጢው ቤት ስልሳ ዴስክ ጭኖ ለመርማሪዋ ትምህርት ቤት ያደርሳል። «ከመነሳቴ በፊት ዓይንህን ጣል አድርግበት» አለው።

መካኒኩ ከኋላ በኩል ተንበርክኮ በስልኩ መብራት አየ።

«ይሄን ደግሞ ማን ቀባው?»

አባቷ ዞር ሲል ዘይት የሚያንጠባጥቡ ሁለት ሴት ልጆች አየ። መጠየቅም አላስፈለገው።

«ዝጎ ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

መካኒኩ ሳቀ። «ይዝጋ እንጂ። ቀለም ያልነካው ራቁት ብረት እኮ ነው፤ መርከብ ላይ የባሕር አየር ሲጠጣ ከርሟል። ይሄ ቆዳው ላይ ያለ ነው፣ ሥጋው ውስጥ አልገባም። እንደኔ ሽበት ቁጠሪው። የሚያስረጅ ይመስላል እንጂ ጉልበት አይነካም።»

«ጉልበትህንማ ትናንት ደረጃው ላይ አየነው» አለ አባቷ።

«ተወኝ እባክህ። ብቻ ልጅቱ ደግ አድርጋለች፣ ዘይቱ አይጎዳውም። የፍሬኑን ዲስክ አይንካው እንጂ። እሱ ቢዝግም አንዴ ፍሬን ስትይዝ ራሱን ያጠራል። ዘይት ከነካው ግን ፍሬን የለህም ማለት ነው።»

«ዲስኩ የቱ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ከጎማው በስተውስጥ ያለው፣ ሳህን የሚመስለው።»

አባቷ ይህን አልሰማም። ደረቱን ነፍቶ ወደ ጋቢናው እየወጣ ነው፤ «አያችሁ ልጄን?» እያለ። ትንሹ ወንድሟ ቀድሞ ገብቶ ከጎኑ ተቀምጧል። ከግቢው በር ጀምሮ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሲያልቅ የሚያወጣው ሰው ከሚርመሰመስበት ገበያ ነው።

ጓደኛዋ እጇን ጨበጥ አደረገቻት። «ዝም በይ። ሲሞቅ ይተናል።»

«አጎትሽ ናቸው ያሉት?»

«አይ... ይመስለኛል።»

እሜቴ አውቃለሁ «ይመስለኛል» ስትል መርማሪዋ ሰምታ አታውቅም።

ሞተሩ ተነሳ። መርማሪዋ ሄዳ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቆመች። አባቷ ጥሩምባውን በጨዋታ ነካ አደረገው። አልተነቃነቀችም።

«አባዬ፣ አጥፋው። ሳህኑንም ቀብቼዋለሁ።»

ሞተሩ ጠፋ። መካኒኩ ወደ ፊት ጎማው ጎንበስ አለ። «አንዱን ነው ወይስ ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም» አለች።

«የቀኙ የኔ ነው» አለች ጓደኛዋ ጫማዋን እያየች።

መካኒኩ መኪናውን የሚያነሳበትን ክሪክ ሊያመጣ ወደ ቤቱ መራመድ ጀመረ። «ጎማው ይፈታል፣ ዲስኩ ይታጠባል፣ ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ይቀየራል» አለ እየሄደ። «እንግዲህ ከሰዓት በፊት አትነሳም።»

አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። መጀመሪያ ትንሹን ልጅ ከጋቢናው አንስቶ አወረደው፤ ካወረደውም በኋላ እጁን ቶሎ አልለቀቀውም። ከዚያ ስልኩን አወጣና የርዕሰ መምህሩን ቁጥር ፈልጎ ኪሱ መለሰው። ደግሞ አወጣው። በሰው መኪና አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም።

«ስጠኝ አባዬ።»

«ምን ልትይው?»

«የሆነውን።»

«ርዕሰ መምህሩ እኮ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፊት ለፊት የምታገኚው ሰውዬ።»

መርማሪዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቀሚሷም ዘይት ነበር። ስልኩን በሁለት ጣቷ ተቀበለችውና ቁጥሩን ነካች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«እሺ፣ ጭነህ ጨረስክ?» አለ ወፍራም ድምፅ።

«አባዬ አይደለም፣ ቲቸር» አለች። «እኔ ነኝ። ዴስኮቹ የሚዘገዩት በእኔ ምክንያት ነው።»