የፖስተር ትከሻ

ስልኩ ሲጮህ መርፌ ምሳዋን ገና መጀመሯ ነበር። መርፌ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አጭር፣ ወፍራም፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር ጉልበቷን የሚያማት የወንጀል መርማሪ ናት። ነገር ከያዘች ግን በአንድ በኩል ገብታ በሌላው ሳትወጣ አትለቅም።

«እትዬ፣ ጂም ውስጥ ሰው ሞቷል» አላት ሳጅኑ። «ብረት አንገቱ ላይ ወድቆበት ነው። ጥፋተኛዋንም ይዣታለሁ፤ አሰልጣኟ ናት። እርስዎ መጥተው ቢፈርሙ ይበቃል።»

«ማን ጠቆመህ?»

«የጂሙ ባለቤት።»

«አይ አንተ! ጠቋሚ ባገኘህ ቁጥር ካቴና የምታወጣ ከሆነ አንድ ቀን እኔንም ታስረኛለህ። ምንም ነገር እንዳትነኩ፤ መጣሁ።»

ሕንጻው በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ስልኩን ወደ ላይ ቀስሯል። የጂሙ ባለቤት ገና ሬሳው ሳይቀዘቅዝ «በአሰልጣኛችን ቸልተኝነት ወንድማችንን አጣን» ብሎ በስልኩ ቪዲዮ ለዓለም አሰራጭቷል። «ገዳይ ናት! አውጧት!» ይላል አንዱ፤ የሞተውን ሰው እንኳ በአካል አይቶት አያውቅም። መርፌ በክርኗ እየገፋች አለፈች። ደረጃውንም ጉልበቷንም እየረገመች ወጣች።

አዳራሹ መስታወት በመስታወት ነው፤ የላስቲክና የላብ ሽታ አለው። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ግዙፍ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። በግራው፣ «በፊት» ከሚለው ጽሑፍ በላይ፣ ከወገቡ በላይ የተራቆተ ባለ ቦርጭ ወጣት አንገቱን ደፍቷል። በቀኙ «በኋላ» ይላል፤ ያው ወጣት ሆዱ እንደ ጡብ ተደርድሮ ይስቃል። ከሥሩ፣ «በሦስት ወር ብቻ! በሻምፒዮን ልምምድና በዶክተር ዱቄት!» የሞተው እሱ ነው። ከዚህ ፎቶ በኋላ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ጠፍቶ ሁሉም «ፖስተር» ይለው ነበር።

በፎቶው ሥር ባዶ አግዳሚ አለ፤ ተኝተው ብረት የሚገፉበት። አጠገቡ ወለሉ ላይ ረጅም ዘንግ ተጋድሟል። ጫፍና ጫፉ ላይ የመኪና ጎማ የሚያካክሉ ጥቁር ክብ ብረቶች ተሰክተዋል። በቀኝ በኩል ብረቶቹን የሚይዝ መቆንጠጫ አለ፤ በግራ በኩል የለም። መርፌ ዘንጉን በጫማዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው፤ ከዚያም ቁጭ ብላ ዳሩን በጥፍሯ ቧጠጠችው።

«እባክዎ አይንኩት፣ ማስረጃ ነው!» አለ አንድ ድምፅ።

ባለቤቱ ነው፤ ሻምፒዮን። ደረቱ በር ያክላል። ሱሪው ከሰውነቱ ጋር ተጣብቆ ኪሱ ብቻ አብጧል። ዓይኑ ከመርፌ ፊት ወርዶ ሆዷ ላይ አረፈ።

«በሐዘን ሰዓት ይቅር ይበሉኝና፣ እትዬ፣ ይህችን ቦርጭ በሁለት ወር ባጠፋሁልዎት ነበር።»

«እኔ የመጣሁት ሰው ሞቶ ነው ወይስ ገበያ ወጥቼ? የሆነውን ንገረኝ!»

ሻምፒዮን ተናገረ። በምሳ ሰዓት ጂሙ ይዘጋል። ቁልፍ ያላቸው እሱ፣ አሰልጣኟና ኮሪደሩ ላይ በምግብ ፋንታ የሚጠጣ ዱቄት የሚሸጠው ዶክተር ናቸው። ፖስተር ከአሰልጣኟ ጋር ቀጠሮ ነበረው። እሷ ብረቱን ጭናለት ምሳ ልትበላ ወጣች። ሻምፒዮን ሲመለስ ልጁ ዘንጉ አንገቱ ላይ ሆኖ ተኝቷል።

«መቶ አርባ ኪሎ ነው፣ እትዬ! ዘልዬ አነሳሁለት።»

«ብቻህን?»

«ሻምፒዮን እኮ ነኝ!»

አሰልጣኟ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ታስራ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ተናዳለች።

«ፍታላት» አለች መርፌ።

«አለቃችን ቪዲዮውን አይቷል» አለ ሳጅኑ አቀርቅሮ። «‹መኪና ልኬያለሁ፣ ወደ ማረፊያ ቤት ትወሰድ› ብሏል።»

«እንግዲያው ጊዜ የለንም። ልጄ፣ ስንት ኪሎ ነው የጫንሽለት?»

«እኔ? ለዚያ ልጅ ከመጥረጊያ እንጨት የከበደ አስይዤው አላውቅም! ቀኝ ትከሻው ተቀዶ የተሰፋ ሰው እኮ ነው። ዛሬም ያቺን እንጨት ሊያነሳ ነበር ቀጠሮው።»

«ትከሻውን ምን አገኘው?»

«ውድድር ነዋ! ሻምፒዮን ‹ማን ይበልጣል› የሚለው ጨዋታ አለው። ሰውነቱ ያልሞቀ፣ ቁርስ ያልቀመሰ፣ እንቅልፍ ያላገኘ ሁሉ ተሰልፎ ብረት ያነሳል፤ የቀረው ዙሪያውን ከቦ ‹ህመም ድክመት ነው!› እያለ ይጮህበታል። ህመም ድክመት አይደለም፣ እትዬ! ድካም ሌላ፣ ህመም ሌላ። ድካም ሲሆን ትንሽ ትገፋለህ፤ ህመም ሲሆን ታቆማለህ። ይህን ስል ‹ፈሪዋ› ይሉኛል።»

«ዱቄቱስ?»

«እሱን አያንሱብኝ! ምግብ ጠላትህ ነው የተባለ ሰው ምን ያድርግ? ጠዋት ዱቄት፣ ማታ ዱቄት። እኔ እንቁላል ብሉ፣ ባቄላ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ በጊዜ ተኙ ነው የምለው። ይህ ታዲያ በቆርቆሮ ታሽጎ አይሸጥማ!»

መርፌ ሳታስበው ሳቀች። «መቆንጠጫው ምንድን ነው ሥራው?»

«ክብ ብረቶቹ ከዘንጉ እንዳይንሸራተቱ ይይዛል። ብቻውን ተኝቶ የሚገፋ ሰው ግን እንዳይቆነጥጥ ነው የማስተምረው። ቢያቅተው ዘንጉን ወደ ጎን አዘንብሎ ብረቱን ያፈሰዋል፣ ነፍሱ ይተርፋል። ከቆነጠጠ ወጥመድ ነው። በእኔ ሰዓት እዚህ አዳራሽ ውስጥ መቆንጠጫ ከመሳቢያ አይወጣም።»

«ከምሳ ስትመለሺ ምን አየሽ?»

«ልጁ አግዳሚው ላይ ነው፤ ሻምፒዮን ዘንጉን ወለል ላይ አድርጎ አጎንብሶበታል። ጆሮዬን አፉ ላይ ሳደርግ ይተነፍሳል! ‹አምቡላንስ ጠርተሃል?› ስለው አፉን ከፍቶ ያየኛል። እኔ ነኝ የደወልኩት። መኪናው እስኪመጣ ጭንቅላቱን ደግፌ ‹አይዞህ፣ አይዞህ› ስለው… መንገድ ላይ አለፈ አሉኝ።» አሁን አለቀሰች።

ዶክተሩ ነጭ ጋውን ለብሶ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ከኋላው ቆርቆሮዎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ የፖስተር ሁለት ፎቶ አለ።

«የምን ዶክተር ነህ?»

«የሥነ ምግብ… ሥልጠና ወስጃለሁ።»

«ስንት ዓመት?»

«ቅዳሜና እሁድ ነበር።»

«እሰይ! ብረትስ ታነሳለህ?»

«እኔ የእውቀቱን ክፍል ነው የምይዘው» አለ ጋውኑን እያስተካከለ። «በምሳ ሰዓት ከሱቄ አልወጣሁም፣ አዳራሹንም እስካሁን አልረገጥኩም። ግን ይህች ሴትዮ ጨካኝ ናት! ብቻውን ለሚገፋ ሰው ግራና ቀኙን ቆንጥጣ ጥላው ትሄዳለች? ራሷ ስታስተምር የኖረችውን?»

መርፌ አንድ ቆርቆሮ አንስታ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ጥርሷን ነከሰች።

የፖስተር ሚስት ከሆስፒታል በቀጥታ መጣች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነው የተናገረችው።

«ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ‹ፎቶዬን አስወርዳለሁ› ብሎኝ ነበር። ታናሽ እህቴ በሱ ፎቶ አምና፣ ምግብ ትታ ያንን ዱቄት ብቻ ስትጠጣ ከርማ ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ወደቀች። እስካሁን አልጋ ላይ ናት። እኔም ሰደብኩት። ‹እህቴን የገደልካት አንተ ነህ› አልኩት። ይኸው በስድቤ ወጥቶ ቀረ።»

«ትከሻው ከተሰፋ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ዓመት አለፈው። ድሮ ሸንቃጣ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው መንቀሳቀስ አቅቶት እንዲያ የወፈረው።»

መርፌ ለሆስፒታሉ ሐኪም ደወለች። ጥቂት ጠይቃ ብዙ አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ጠቁሯል። «ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስብልኝ» አለች ሳጅኑን። «መኪናው ከመጣም ይጠብቅ።»

ተሰበሰቡ። አሰልጣኟ ከነካቴናዋ፣ ሻምፒዮን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዶክተሩ በሩ አጠገብ፣ የሟች ሚስት ወንበር ላይ።

«ሳጅን፣ ይህን ዘንግ አንሳልኝ።»

«መቶ አርባ ኪሎ ነው እኮ፣ እትዬ!»

«አንሳ ብዬሃለሁ!»

ሳጅኑ እግሩን አንፈራጠጠ፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲመነጭቀው ዘንጉ ወደ ላይ ተፈናጠረ፤ እሱም ወደ ኋላ ተንገዳግዶ መስታወቱን ሊሰብር ለጥቂት ተረፈ።

«ምን ጉድ ነው?» አለ ዘንጉን በአንድ እጁ ይዞ።

«ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ባዶ፣ ላዩ ጥቁር ቀለም። በጥፍሬ ስቧጥጠው ነጭ ወጣ። ሻምፒዮን ቪዲዮ ሲቀረጽ የሚያነሳው ይህንን ነው። ዋሸሁ፣ ሻምፒዮን?»

ሻምፒዮን አቀረቀረ። አሰልጣኟ «አቤት!» አለች፤ ያ ዘንግ የሱ ብቻ ነው፣ ማንም እንዳይነካው ተብሎ ኖሯል።

«ታዲያ ባሌ በምን ሞተ?» አለች ሚስቲቱ።

«ሐኪሙ እንዳለኝ አንገቱ ደህና ነው። የተሰበረው የኋላ ጭንቅላቱ ነው። ተገፍትሮ የብረት ማዕዘን መትቶታል። እዚያ ያለው ማሽን ጥግ ላይ ፀጉር አለ፤ ሳጅን፣ እንዳይነካ። ከዚያ ያ ሰው ጎትቶ አግዳሚው ላይ አስተኛው፤ አደጋ እንዲመስል። አሁን ማን ነው ያ ሰው? አሰልጣኟ እንዳንል፣ ገዳይ የገፈተረውን ሰው ነፍስ ለማትረፍ አምቡላንስ አይጠራም፤ ቢድን አፍ አለዋ! ሻምፒዮንም አይደለም። ዘንጉ ቀላል መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ፖሊስ የሚያነሳው ቦታ ራሱን የሚያዋርድ ፕላስቲክ አያስቀምጥም። ይህን ያደረገው ዘንጉ እውነተኛ ብረት ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። ብረት የማይነካ ሰው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ዶክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ይህ ግምት ነው፣ ወይዘሮ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! መጀመሪያ ወደ ግድግዳው እዩ። ‹በፊት› የሚለው ላይ፣ ቀኝ ትከሻው ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። ‹በኋላ› የሚለው ላይ ትከሻው እንደ ሕፃን ልጅ ቆዳ ነው። የትኛው ዱቄት ነው የቀዶ ጥገና ስፌት የሚያጠፋው? ልጁ ሲጀመር ሸንቃጣ ነበር፤ የወፈረው እዚህ ትከሻውን ካጠፋችሁት በኋላ ነው። የደረሰበትን ጉዳት ፎቶ አንስታችሁ በፊትና በኋላውን ገለበጣችሁት! ይህ ሕዝብ በሱ አምኖ ሲራብ ከረመ። ዛሬ ልጁ ሊናገር ቆርጦ መጣ፤ በአንተ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ያለው የሱ ፎቶ ነው።»

«አዳራሹ ውስጥ አልገባሁም!»

«‹ግራና ቀኙን ቆንጥጣ› አልከኝ። እስቲ የግራውን አሳየኝ! የለም። በእሷ ሰዓት መቆንጠጫ አይወጣም፤ ይህንን የቆነጠጠው ሻምፒዮን ነው፣ ለቪዲዮው። ግራውንም የፈታው እሱ ነው፣ ፕላስቲኩን ሊያሸሽ፤ ያ ያበጠ ኪሱ ውስጥ ነው። ሁለቱንም በቦታቸው ያየ ከሻምፒዮን በፊት እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

«ገፋ ነው ያደረግኩት» አለ ዶክተሩ። «‹ለሁሉም እናገራለሁ› ሲለኝ ደሜ ፈላ። የሞተ መሰለኝ! ዘንጉን ከአግዳሚው መስቀያ ላይ ከኋላ ገፍቼ ጣልኩበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ማየት አልቻልኩም፣ ሮጥኩ።»

«ዓይንህን ባትጨፍን ዘንጉ እንደ ዱላ ሲነጥር ታየው ነበር። ሁለት ውሸታሞች! አንዳችሁ የሌላውን ውሸት አምናችሁ ስትኖሩ በመሃል ሰው አለቀ። ሳጅን፣ ልጅቷን ፍታ!»

ሳጅኑ ፈታት። «ይቅርታ፣ እህቴ» አለ።

«ካቴናው ግን አንድ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«አንድ ላይ እሰራቸው! ኖረውበታል።»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለ ሻምፒዮን። «አልገደልኩት!»

«ሐኪሙ ቶሎ ቢደርስ ይተርፍ ነበር ብሏል። አንተ ስትገባ ይተነፍስ ነበር። ስልክህ እጅህ ላይ ነው፤ ሰውየውን ትተህ መቆንጠጫ ስትፈታ ተገኘህ።»

የሟች ሚስት ከወንበሯ ተነሳች። ሻምፒዮን ፊት ሄዳ ቆመች፤ ቁመቷ ደረቱ ጋ ነው።

«ነቅቶ ነበር?»

ሻምፒዮን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ልጅህን ይንሳህ፣ ነቅቶ ነበር ወይ?»

«ዓይኑን ገለጥ አደረገ።»

«ምን አለህ?»

ሻምፒዮን ወደ መርፌ አየ፣ ወደ ሳጅኑ አየ። የሚያድነው አላገኘም።

«‹ሻምፒዮን፣ አንሳኝ› አለኝ።»

ሴትየዋ ሁለት እጇን ጨብጣ ደረቱን ትደበድበው ጀመር። ሳጅኑ ሊይዛት ሲራመድ መርፌ ክንዱን ጨምድዳ አስቆመችው።