የግልገል ዓባይ ገመድ ሳቢ

ጋኔን ታየ፣ ውሃ ሰው ጠራ ሲሉኝ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዛሬም የሌላ ሰው ወሬ ብታመጣልኝ አላምንህም፣ ይህ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነውና ምን ላድርግ።

ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ከዳንግላ ወጣ ብሎ፣ ግልገል ዓባይ ዳር ጭነት አሻጋሪ ነበርኩ። ቦታውን በቀልድ «ወደቡ» እንለው ነበር፣ ያለው ግን አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና በባዶ በርሜሎች ላይ ሳንቃ የተመታበት ታንኳ ነው። ከቆሰበር በመኪና የመጣውን ጨውና ላምባ እንጭንበታለን፣ ማዶ ያሉት ሦስት ሳቢዎች ከታንኳው ፊት የታሰረውን ገመድ ይዘው ወደነሱ ይስቡናል።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ለማዶው ድሬሰር አንድ ሣጥን መድኃኒት መጣ። ማዶ ንዳድ ገብቶ ነበር፣ እህቴ ሙሉም ከታመሙት አንዷ ናት። ወንዙ ሞልቷል፣ ጉሙ ወርዶ ማዶው አይታይም። አለቃዬ አያ ደምሴ፣ እዚያው ወንዝ ላይ ያረጁ ሰው፣ ዛሬስ አይሞከርም አሉኝ።

«አያ፣ እርስዎ ይቅሩ፣ እኔ ግን እሄዳለሁ» አልኳቸው።

ሣጥኑን አንስተው ጫኑ፣ ታንኳው ላይም ቀድመውኝ ወጡ።

ተጣራን፣ መልስ የለም፣ ገመዱ ግን ከውሃው ብድግ ብሎ ተወጠረና መሄድ ጀመርን። መሃል ላይ ጎርፉ ያመጣው ግንድ ታንኳውን መታው፣ እኔ ሣጥኑ ላይ ተኛሁበት፣ አያ ደምሴ ግንዱን በዘንግ ገፉት፣ ገመዱ ለአፍታ እንኳ አልላላም። ከጉሙ ውስጥ ሸክም የከበደው ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፣ እህ... እህ ይላል፣ እመነኝ፣ ጆሮዬ ሥር ያለ ያህል።

ዳር ስንደርስ ማንም የለም። የገመዱ ጫፍ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፣ ሣሩም አልተረገጠም።

ሣጥኑን ተሸክሜ ሽቅብ ስንወጣ ሦስቱ ሳቢዎች ቁልቁል ሲሮጡ አገኘናቸው፣ ጅረት ሞልቶ ከጠዋት ጀምሮ ከላይ አግቷቸው እንደዋለ ነገሩን፣ እንዴት ተሻገራችሁ ብለውም እኛኑ ጠየቁን። ሣጥኑን ሳላሳርፍ አደረስኩ፣ ሙሉም ዳነች።

በአራተኛው ቀን ከአያ ደምሴ ጋር መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ፣ ሲስብ የሰማኸው ስንት ሰው ነው ብለው ጠየቁኝ። አንድ፣ ከፊታችን፣ አልኳቸው።

«እኔ የሰማሁት ሁለት ነው» አሉ ዝግ ብለው፣ «አንደኛው ከኋላችን ነበር፣ ውሃው ውስጥ።»

ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ ሥራዬን አልተውኩም፣ ወደ ኋላዬ ዞሬ ሳላይ የተሻገርኩበት ቀን ግን የለም።