ልቆርጥ ነው

«የለችም በላት» አለች በሹክሹክታ፣ ታናሽ ወንድሟን በትከሻው ወደ ጓሮው በር እየገፋች። «ወጥታለች በላት። ሂድ፣ ቶሎ በል።»

ልጁ እግሩን እየጎተተ ሄደ። እሷ ከክፍሏ በር ጀርባ ተለጥፋ ትንፋሿን ዋጠች። ውጪ የቆመችው ቀጮ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ። ወንድሟ «የለችም» ሲል ሰማችው። ልክ ያኔ አፍንጫዋን በላት። ብትይዘው፣ ብትቆነጥጠው፣ ወይ ፍንክች። ቤቱ እስኪነቃነቅ አስነጠሰች።

ከዚያ የቀጮ ኮቴ እየራቀ ሄደ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዚህ ቤት ውሸት ግን ለማደርም አልታደለም።

ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። በክፍላቸው «ፋርማሲ» የሚሏት ሌት ተቀን ክፍት ስለሆነች ነው። ሒሳብ ያልገባው ይመጣል፣ ደብተር የጠፋበት ይመጣል፣ ከእናቷ የተጣላችው ሳትቀር ትመጣለች። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። በዚህ መሃል የልዩ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ደረሰ። አምና ወድቃለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ሦስተኛ ዕድል የለም። ስለዚህ በሯን ለመዝጋት ወሰነች። ዘጋችም። ይኸው ውጤቱ።

ተመልሳ ደብተሯ ፊት ተቀመጠች። አሁን ማንም አያንኳኳም፤ ግን አንድም መስመር አልገባ አላት። ተነሥታ በመንገዱ በኩል ወዳለው ክፍል፣ ወደ አባቷ የልብስ ስፌት ቤት ወጣች።

ያ ክፍል ሰው አያጣም። ዛሬም አንድ የታክሲ ሹፌር ሱሪው እስኪያጥርለት ቁጭ ብሎ ስለ አንድ ተሳፋሪ ወሬውን ይሰልቃል። አባቷ የስፌት መኪናውን እየረገጠ «አትለኝም» ይላል፣ ይስቃል፣ ይጠይቃል፤ እጁ ግን አያርፍም። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ መተረቻ በሆነበት ዓለም የእሱ ቀጠሮ ዝንፍ አይልም። እንዴት ነው ነገሩ? እስከ ዛሬ አስባው አታውቅም።

አባቷ ሱሪውን ጨረሰና አዲስ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በጠመኔ አሰመረ፣ መቀሱን አነሣ፣ «ልቆርጥ ነው» አለ።

ሹፌሩ ወሬውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ዝም አለ። ልትገባ የነበረች ጎረቤትም ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀች። ማንም ፊቱን አላጠቆረም። መቀሱ ሲቀመጥ አባቷ «እሺ፣ ተሳፋሪው ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ወሬውም ካቆመበት ቀጠለ።

ሰዎቹ ሲወጡ ጠጋ አለችው።

«አባዬ፣ ዝም በሉ ስትላቸው አይቀየሙህም?»

«ዝም በሉ መቼ አልኩ? ልቆርጥ ነው ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እነሱን ጠይቂያቸው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሳቀ። «ድሮ እሱንም ለማለት አፍር ነበር። አንድ ወሬኛ ደንበኛ ነበረኝ። እሱን እሺ፣ እሺ እያልኩ የሙሽራ ኮት ስቆርጥ፣ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌው ቁጭ።»

«ሁለቱንም የግራ?»

«ሁለቱንም። ትርፍ ጨርቅ ደግሞ የለም። ስፌት ቢበላሽ ይተረተራል ልጄ፤ የተቆረጠውን ግን ምን ታደርጊዋለሽ? ኮቱ ሰደርያ ሆኖ ቀረ። ሙሽራው እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።»

ሳቀች። ከዚያ «የእኔ ጥናት ግን ሁሉም መቁረጥ ነው» አለች።

«ሁሉም መቁረጥ ከሆነ መቼ ተሰፍቶ ያልቃል?» ብሎ ወደ መኪናው ዞረ።

ነገሩ አልለቀቃትም። ክፍሏ ገብታ የምታጠናውን ሁሉ እንደገና አገላበጠችው። ሥዕል መሳሉን፣ ማስታወሻ መገልበጡን፣ የምታውቀውን ቀመር መደጋገሙን ሰው አጠገቧ እየለፈለፈም ትሠራዋለች። አዲሱ የፊዚክስ ምዕራፍ ግን ሐሳቧ አንዴ ከተነጠቀ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ገረማት። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል ያለችው ይህ ሥራ የሚፈልገው ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለሁለት ሰዓት ብላ ነው እንግዲህ «የለችም» ያስባለችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀጮ ቤት ሄደች። ቀጮ ደጃፉን እየጠረገች ነበር፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ትናንት እቤት ነበርኩ» አለቻት።

«አውቃለሁ። ስታስነጥሺ ይማርሽ ልልሽ ነበር፤ ግን የለችም ተብያለሁ።»

«ይቅርታ ቀጮዬ። ላጥና ብዬ ነው።»

«ላጥና ብትይኝ እቀየም ነበር? ሰኞ የሒሳብ ድጋሚ ፈተና አለብኝ። ከወደቅሁ ክፍል መድገሜ ነው። ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው እንደሌለኝ እያወቅሽ ትደበቂኛለሽ?» መጥረጊያው ቆመ። «በጣም ነው ሆድ የባሰኝ።»

«ዛሬ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ለማንም አልወጣም። ከአስር ሰዓት በኋላ ግን እስኪመሽ ያንቺ ነኝ።»

«አስር ሰዓት ላይ መጥቼ ደግሞ የለችም ብባልስ?»

በአፍ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ስልኳን አጥፍታ ክፍሏ ገባች። የገጠማት አምና የጣላት ዓይነት ጥያቄ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥለው የሚጓተቱ ሁለት ክብደቶች። ታገለች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ታገለች። በመጨረሻ መንገዱ ታያት። አንድ መስመር ጻፈች፣ ሌላ ጨመረች። ጥቂት ሲቀራት በረንዳው ላይ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማች። ሰዓቱን አየች፤ አስር ሆኗል።

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች ለራሷ። ቀጮ አላንኳኳችም፣ አልተጣራችም። አምስት ደቂቃ ማን ይቆጥራል? ደግሞ አሁን ከተነሣች ያ መንገድ ሊጠፋባት ይችላል፤ ነገ እንደ አዲስ መታገል ነው። ትናንት በሩን ከመዝጋት ይልቅ ዛሬ መክፈቱ ከበዳት።

እስክሪብቶዋን ያልተጨረሰው መስመር ላይ አጋደመችና ወጣች።

ቀጮ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ይሂድ ይቆይ እንዳልወሰነ ሰው የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ጨረስሽ?» አለቻት።

«አልጨረስኩም» አለች፣ አጠገቧ ወንበር እየሳበች። «ደብተርሽን አውጪ።»