ድቡ የቆፈረው መሬት

በጎቹ ቀድመዋቸው ደርሰዋል። በየግንቦቱ ከጥዶቹ ሥር በቢጫ አበባ ተሸፍኖ የሚጠብቃት ቁልቁለት ተግጦ፣ የሚበላ ሥር ልትቆፍር ለመጣችው ማሊ የቀረላት አፈሩና ኩርንችቱ ብቻ ነበር። እረኛው ጠመንጃውን ኮርቻው ላይ እንዳጋደመ ከሩቅ ጮኸ፤ «ይሄ አሁን ግጦሽ ነው! ዞር በሉ!»

«እንመለስ እንግዲህ» አለ ዋርሳዋ ሱሳፕ። ባዶ ቅርጫቶቹንና ጠመንጃውን ተሸክሟል።

«ምን ይዘን?»

ባለፈው መኸር ዓሣው ወንዙን ሽቅብ አልወጣም፤ የክረምቱም ስንቅ ካለቀ ሰነበተ። የማሊ ልጅ ሰለስቲን ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ በረሃብ ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ አቅቶታል።

«የላይኛው ተረተር አለ» አለች ማሊ።

«እዚያማ ያለው ትልቁ ድብ ነው!»

«እሱም እንደኛ ሥር በሊታ ነው። ፈቃድ እንጠይቀዋለን።»

ወጡ። ዝናብ ከጠፋ ሦስት ወር አልፎታል፤ ሣሩ ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ንፋሱ ከምድጃ እንደሚወጣ ትንፋሽ ፊት ይለበልባል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋዩ ከሱሳፕ እግር ሥር ከዳ። ማሊ የቀንድ እጀታ ያለውን መቆፈሪያዋን ዘረጋችለት፤ ያዘ፤ እየተንፏቀቀ ወጣ።

«ክብደትህ ከየት መጣ? የምትበላው የለ!» አለችው እያለከለከች።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። ሌላው ሁሉ በደረቀበት፣ ሥሩ የሚበላው ቢጫ አበባ፣ የጥድ ሱፉ፣ እስከ ሰማዩ ጠርዝ አብቧል። ቅጠሉ እንደ ጦር ጫፍ ሰፊ፣ እንደ ብር ነጣ ያለ፤ አበባው ፊቱን ለፀሐይ የሰጠ። ሥሩ የሰው ቁመት ያህል ወርዶ፣ ሌላው ተክል የማይደርስበትን እርጥበት ያገኛል። ማሊ አማተበች። ይህን ያደረገ ጌታ ልጇን እንደማይረሳት አመነች።

አበባው መሐል ድቡ ቆሞ አፈር ይዝቃል። ሱሳፕ ጠመንጃውን ሲያነሣ አፈሙዙን ዝቅ አደረገችበት። «ማዕድ በቀረበ ላይ ይተኮሳል እንዴ?»

ንፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለው ግማሽ ቀን በደረታቸው ተኝተው ጠበቁ። አንዴ ንፋሱ ዞሮ ጠረናቸው ድቡ ዘንድ ደረሰ፤ በሁለት እግሩ ቆመ፣ አጉረመረመ፣ ወደ እነሱ አሥር እርምጃ ያህል ሮጠና ቆመ። ማሊ አልተነቃነቀችም። በመጨረሻ ጠግቦ፣ እንደታረሰ ማሳ የተገለበጠ መሬት ትቶ ሄደ።

ሥሩን የሚያወጣ ሁሉ አስቀድሞ ተክሏን ያናግራታል። ማሊ ተንበረከከች፤ «መጥቻለሁ። ለልጄ ነው የምወስድሽ።» ወደ ሱሳፕ ዞረች፤ «አንተም ንገራት።»

«እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ ከተሸካሚ ጋር ማን ያወራል?»

ያረጁትን ትልልቆቹን ለዘር ትታ መካከለኞቹን አወጣች። ድቡ ባላላው አፈር ላይ ጉድጓድ ምሳ፣ የጋለ ድንጋይ አነጠፈች፣ በቅጠል ጠቅልላ ሥሩን ቀበረች። ሥር ሲበስል ወንድ አይጠጋም፤ ከተጠጋ ሥሩ ጥሬውን ይቀራል።

«ከዚያች ቋጥኝ ወዲህ እንዳትል!»

«ሽታውስ ይፈቀዳል?» ብሎ ጮኸ ከማዶ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ዝናብ የሌለው ነጎድጓድ መጣ። መብረቁ አንድ የሞተ ጥድ ሰነጠቀ፤ እሳቱ በደረቁ ሣር ላይ ሮጠ። ሱሳፕ ከቋጥኙ ማዶ ማምለጫ ነበረው። እሱ ግን ወደ ማሊ ሮጠና የከለከለችው ቋጥኝ ጋ ሲደርስ ተገተረ።

«ማሊ! ልምጣ ወይስ አልምጣ?»

«ሥሩ!»

«እሳቱ!»

«ፊትህን አዙረህ ና!»

ወደ ኋላ እየተራመደ፣ እየተደናቀፈ መጣ። «አላየሁም! አላየሁም!» ማሊ በሸሚዙ ይዛ ድቡ የገለበጠው አፈር ላይ ጣለችው። ፊታቸውን አፈር ውስጥ ቀበሩ። እሳቱ እያገሣ ደርሶ ባዶ አፈር ላይ የሚበላው አጣ፤ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ አለፈ።

«አሁን ልዙር?»

«እንዳትሞክራት!»

እስኪበስል ድረስ ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ማሊ አፈሩን ስትገልጥ ሰማ፤ ከዚያ ቅጠሉን ስትፈታ።

«አበላሸሁት?» አለ ቀስ ብሎ።

በትከሻው ላይ እጇን አሳልፋ አንድ ሥር መዳፉ ላይ አኖረችለት። ቡናማ ሆኗል፤ ለስላሳ ነው፣ ይጣፍጣል።

ዙሪያው ጥቁር ነበር። ሱሳፕ የተቃጠሉትን የጥድ ሱፎች እያየ «አለቀላት» አለ። ማሊ አንዷን በመቆፈሪያዋ ጫረቻት፤ ከአመዱ ሥር ነጭ፣ እርጥብ፣ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ሥር ታየ። «ለከርሞ ታብባለች።»

ቅርጫቱን ከማንሣቱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ አመዱ ላይ ተንበረከከ። ምን እንዳላት ማሊ አልጠየቀችውም።

ሰለስቲን ሥሩን በልታ በሦስተኛው ቀን ጡቷ ሞላ። ሱሳፕ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ሕፃኑ ሲውጥ እስከ ውጭ ይሰማል።

ሕፃኑ ጠግቦ ሲያንቀላፋ ማሊ አቅፋው ወጣች።

«አሁን ዙር» አለችው።