ሁለቴ የጠራኝ ድምፅ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአስር። ሮዞ ከተማ፣ ዶሚኒካ።

ሰማዩ ጥርት ያለ። ሙቀቱ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ። ዝናብ ዜሮ። ባለቤቴ ኢሜልዳ ከእኔ አራት እርምጃ ርቃ ቅመም እየመረጠች ነው። መርከባችን ወደቡ ላይ ቆሟል። ሁለታችንም ጤነኞች ነን።

ነገሩ ከመሆኑ በፊት ሁሉም እንዲህ ነበር።

ፈጥሬ የማወራ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልቀየመውም። እኔ ሴንት ቪንሰንት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የአየር ሁኔታ ታዛቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። በየሰዓቱ እወጣለሁ፣ መሣሪያውን አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው።

ዕድሜያችንን ሙሉ እነዚያን ነጫጭ መርከቦች ከተራራችን ላይ ሆነን ስናያቸው ኖረናል። ተሳፍረንባቸው ግን አናውቅም። ጡረታ ስወጣ ኢሜልዳ፣ "እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ እኛም ከነሱ ላይ ሆነን ተራራውን እንየው" አለችኝ። ከባርቤዶስ ተነስተን ለሰባት ቀን ከደሴት ደሴት ልንዞር ተሳፈርን።

ይህ የሆነው በሦስተኛው ቀን ነው።

ገበያው መሐል ቆሜ ከኋላዬ ተጠራሁ።

"ኦስ..."

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ...

"ኦስ..."

የኢሜልዳ ድምፅ ነው። ኦስበርት ብላኝ አታውቅም። ኦስ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

"አቤት" አልኩ። ዞርኩ።

ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ነው። ሰው የለም።

"ማንን ነው አቤት የምትለው?" አለች ኢሜልዳ። ከፊት ለፊቴ ነበረች።

"ጠራሽኝ እኮ።"

"እኔ? አፌንም አልከፈትኩ።"

ቅመም ሻጯ አሮጊት እጃቸው ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

"ስንቴ ጠራዎት?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ሁለቴ።"

አሮጊቷ ቅመሙን ለኢሜልዳ ገፋ አደረጉላት። "ይውሰዱት። ገንዘቡ ይቅር። ብቻ ከዚህ ይሂዱልኝ።"

በእኛ ደሴቶች ሕፃን ልጅ አፉን ሲፈታ ይህን ይማራል... ሦስቴ ካልተጠራህ አቤት አትበል። ጃምቢ፣ የሙታን መንፈስ፣ በሰው ድምፅ መጥራት ይችላል። ሦስተኛውን ግን አይችልም ይባላል። አቤት ካልከው በር ከፈትክለት።

እኔ የመሣሪያ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ወሬ ስሰማ ያናድደኝ ነበር።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስትቆጥር ኖረህ ሦስት መቁጠር አቃተህ?" አለች ኢሜልዳ።

"ጆሮዬ ነው። ንፋስ ነው።"

"ንፋስ ስምህን ያውቃል?"

"በቃ ተይኝ፣ ኢሚ።"

"ተውኩህ! ንዴቴ እስኪበርድ ልዞር ነው። እዚሁ ጠብቀኝ።"

ሄደች። ጠበቅኩ።

ስድስት ሰዓት። ሰባት ሰዓት። ስምንት ሰዓት...

አልመጣችም። ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አየሁ። የለችም። ተናዳ ወደ መርከቡ ገብታ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ መሳፈሪያው በር ደረስኩ። የመጨረሻው መሳፈሪያ አስር ሰዓት ተኩል ነው።

በሩ ላይ ክሊቭላንድ የሚባል ጎልማሳ ጉያናዊ ጠባቂ አለ። ስትወጣም ስትገባም ካርድህን ማሽኑ ላይ ታስነካለህ፣ ፎቶ ያነሳሃል።

"እመቤቲቱ ቀድመውዎታል፣ አጎቴ" አለኝ። "ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ገብተዋል። ምን አድርገዋቸው ነው? ሰላም ስላቸው ዝም!"

ቁጣዬም ጭንቀቴም ወረደልኝ። ለካ ኩርፊያ ነው።

ወደ ክፍላችን ወጣሁ። የመታጠቢያ ክፍሉ በር ተዘግቷል። ከውስጥ ውሃ ይፈስሳል።

"ኢሚ፣ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቁመሽኝ..."



ነጠላ ጫማዋን አየሁት። አልጋው አጠገብ ነው። ጫፎቹ ወደ ግድግዳው ዞረው ግድግዳውን ነክተዋል። ግድግዳው ላይ ካልተለጠፈ በቀር ሰው እንደዚያ ቆሞ ጫማ አያወልቅም።

በሩን ነካሁት። ኢሜልዳ የምትታጠበው በሙቅ ውሃ ነው፤ በሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። በበሩ ሥር እንፋሎት አይወጣም። ብርሃን ይታያል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚጥለው ጥላ የለም።

"ኦስ..." አለኝ ከውስጥ።

አቤት አላልኩም።

"ኦስ..."

ጠበቅኩ። ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። አራት...

ሦስተኛው አልመጣም።

በሩን ገፋሁት፤ ከውስጥ ተቆልፏል። ሮጬ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። ሰልፍ አለ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሾርባው ቀዝቅዞ ስለመጣበት ያወራል። ትናንትም ቀዝቅዞ ነበር ይላል። ከትናንት ወዲያ ያለውን ሊጀምር ሲል ከፊቱ ገባሁ።

ከጠረጴዛው ኋላ ታኒሻ የምትባል ትሪኒዳዳዊት ናት ያለችው።

"ባለቤቴ አልተመለሰችም።"

ኮምፒውተሯን አየች። "ተመልሰዋል፣ አጎቴ። ስምንት ሰዓት ከሃያ።"

"የገባችው እሷ አይደለችም።"

"ፎቶው እሳቸው ናቸው።"

"ፎቶውን ተይው! ክፍሌ ውስጥ ያለችው ሚስቴ አይደለችም እያልኩሽ ነው።"

የሾርባው ሰውዬ ሳቀ። "እኔም ካገባሁ ጀምሮ እንደዚያ እያልኩ ነው፣ ወንድሜ።"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።  አልንቀሳቀስም ብዬ ጠረጴዛውን ያዝኩ። ታኒሻ ተነፈሰችና አብራኝ ወጣች።

በሩን አንኳኳች። "እመቤቴ፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ..." አለ የኢሜልዳ ድምፅ።

ከዚያ...

"ደህና ነኝ..."

ታኒሻ ፈገግ አለችብኝ። "ይኸው። ተጣልታችሁ ነው አይደል? አበባ ይግዙላቸው።"

"ቆይ! አንድ ጥያቄ ብቻ።" አፌን ወደ በሩ አስጠጋሁ። "የእናትሽ ስም ማነው?"

ውሃው መፍሰሱን አቆመ።

ታኒሻ ግን ኮሪደሩ ጫፍ ደርሳለች። ብጣራ አልዞረችም፤ እጇን ብቻ አወዛወዘች።

ብቻዬን ቆምኩ። ከበሩ ወዲያ፣ ልክ አፌ ባለበት ቁመት፣ አንድ ነገር ተነፈሰ።

"የእናትሽ ስም ማነው..."

የኢሜልዳ ድምፅ አልነበረም።

"የእናትሽ ስም ማነው..."

የእኔ ድምፅ ነበር።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መሳፈሪያው በር ላይ ስደርስ አስር ሰዓት ከስምንት ነው።

"ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረዎት!" አለኝ ክሊቭላንድ። "ካለፈ አንጠብቅም፣ አጎቴ!"

ካርዴን አስነክቼ ወጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ኢሜልዳ ውስጥ ከሌለች ውጭ ናት። ውጭ ትቻት አልሄድም።

አስር ሰዓት ከአስራ ስድስት ላይ አገኘኋት። ከገበያው ጀርባ ባሕሩ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሁለት የተከፈቱ ኮኮናቶች አሉ። አንዱ ተጠጥቷል። አንዱ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

"ውሃው የታል?" አለችኝ።

"የምን ውሃ?"

"ልግዛ ብለህ አሁን አይደል የተነሳኸው?"

"ኢሚ... ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለሽው?"

"ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ! መጥተህ አጠገቤ ቁጭ አልክ። አራት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። ኮኮናት ገዛሁልህ፣ አልጠጣህም። አኩርፈሃል ብዬ ተውኩህ። ስታኮርፍ አውቅህ የለ?"

"አንዲት ቃል?"

"አሁን ስትነሳ ብቻ። 'ውሃ... ውሃ...' አልክ።"

ተያየን። አግዳሚው ላይ፣ ከእሷ ጎን፣ እንጨቱ ሰው የተቀመጠበትን ያህል ረጥቧል።

ፊቷ አመድ መሰለ። አልጠየቀችኝም፤ እጄን ያዘች። ሮጥን።

መሳፈሪያው በር ላይ አስር ሰዓት ከሃያ ስድስት። አራት ደቂቃ ቀርቶናል። ካርዴን አስነካሁ። ቀይ መብራት።

ኢሜልዳ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ አስነካች። ቀይ።

ክሊቭላንድ አየን። ከዚያ ማሽኑን አየ። ከዚያ እንደገና እኛን።

"ሁለታችሁም ውስጥ ናችሁ" አለ።

"ውስጥ ብንሆን እዚህ ምን እንሠራለን?" ጮህኩበት።

"አጎቴ፣ እርስዎን ከስድስት ደቂቃ በፊት እኔው ራሴ አስገባሁዎት።"

"ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነው! ይኸው!"

"አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ግን ማስገባት አልችልም። ቁጥሩ ሞልቷል። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አስራ አራት ሰው ተሳፍሯል ይላል። ጎደለ አይልም።"

"አለቃህን ጥራ!"

ጠራ። አለቃውም ማሽኑን አየ። አለቃውም፣ "ቁጥሩ ሞልቷል" አለ። ስሜን ነገርኩት፤ የትውልድ ቀኔን ነገርኩት፤ ጠረጴዛውን መታሁ። እሱ እንደ ዝንብ ነው የሚያየኝ። በመጨረሻ ማሽኑን ወደ እኛ አዞረው።

ሁለት ፎቶ። የእኔና የኢሜልዳ ፊት። ያው ሸሚዝ፣ ያው ቀሚስ።

ፀጉራቸው ግን ርሷል። ውሃው በግንባራቸው ላይ ይወርዳል። ዝናብ ዜሮ ነው ብያችኋለሁ።

"ኦስ... ተወው" አለች ኢሜልዳ በሹክሹክታ።

"ምኑን ነው የምተወው? ልብሳችን፣ ፓስፖርታችን..."

"ተወው አልኩህ። እነሱ ካሉበት አልገባም።"

በሩ ተዘጋ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ መርከቡ ጮኸና ቀስ ብሎ ተነሳ። ስድስተኛው ፎቅ ላይ የክፍላችን በረንዳ በፊታችን አለፈ።

ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ወንድና ሴት። እጃቸውን ያወዛውዙልናል።

እጄ ሳላስበው ሊነሳ ሲል ኢሜልዳ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

"አትመልስላቸው" አለች።

ሮዞ ውስጥ አስር ቀን ቆየን። ፓስፖርት የለ፣ ልብስ የለ። ለእያንዳንዱ ቢሮ ታሪኩን ከመጀመሪያው እነግራለሁ። እያንዳንዱ ቢሮ ወደ መርከቡ ድርጅት ይደውላል። ድርጅቱም፣ "ባልና ሚስቱ ጉዞውን ጨርሰው እሑድ በሰላም ወርደዋል፤ በአስተያየት መስጫውም ከአምስት አምስት ሰጥተውናል" ይላል።

አምስት!

ጎረቤታችን ኦሪስ ጋ ደወልኩ።

"ቤቱን እስክንመጣ ጠብቂልን።"

ሳቀች። "ምን ነካህ ኦስበርት? ከመጣችሁ አራት ቀናችሁ እኮ! የጠበስኩትን ዓሣና የብሬድፍሩት ፍሬ ይዤላችሁ መጥቼ በሩ ላይ ትቼው ሄጃለሁ። አሁንም እዚያው ነው። ዘመዶቼ፣ ምነው ኮራችሁ?"

ስልኩን ዘጋሁት።

በመጨረሻ በተሰጠን ጊዜያዊ የጉዞ ወረቀት ተሳፍረን አገራችን ስንደርስ መግቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀታችንን ሦስት ጊዜ አገላበጠው። "እናንተ ገብታችኋል" አለ። "ያልወጣን ሰው እንዴት አስገባለሁ?" ከሰዓታት ክርክር በኋላ ያስገባን ስላመነን አይደለም። ሰልፉ ስለረዘመበት ነው።

ፖሊስ ወደ ቤቴ ሄዶ ተመለሰ። "ባልና ሚስቱን አነጋግሬያለሁ። ሰላማዊ ሰዎች ናቸው። እናንተ ግን እንዳትረብሿቸው" አለኝ። ሊሄድ ሲል የሸሚዙ እጅጌ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

አሁን የምንኖረው ኮረብታው ላይ፣ የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። ከመስኮቱ ቤታችን ይታያል። ርቀቱን በእርምጃ ለክቼዋለሁ። ሦስት መቶ አስር ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ቀርበነው አናውቅም።

ኢሜልዳ ከጎኔ ናት። ያን ቀን የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ቤቱ ይቅር።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ተሰጥቶ አየሁ። አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ቀሚስ። የድሮ የንፋስ መለኪያዬን አውጥቼ አነበብኩ። ንፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ በሰዓት ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር። የኮኮናት ዛፎቹ በሙሉ ወደ ምዕራብ ዘመዋል።

አርባ ደቂቃ ቆሜ ሸሚዙንና ቀሚሱን ተመለከትኩ።

አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።