የማኑሄ ካርድ

«ሃያ ስምንተኛ?» አለ ዳዊ፣ በውዳሴ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ። «ማኑሄ ሃያ ስምንተኛ? ኧረ አንቺ ቀለሜ፣ ደግመሽ ደምሪው!»

«ሦስቴ ደምሬዋለሁ።»

ዘጠነኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ ቲቸር ጥሩነህ ጽሕፈታቸው የሚነበብ ሁለት ተማሪዎች መርጠው ሮስተሩን ያስሞላሉ። የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት መደመር፣ ለአሥሩ ትምህርት ማካፈል፣ ደረጃ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ካርዱ መገልበጥ። በአንደኛው መንፈቅ ዓመት ይህን የሠሩት ውዳሴና ማኑሄ ነበሩ። አሁን በማኑሄ ወንበር ዳዊ ተቀምጧል።

ማኑሄ በግንቦት መጀመሪያ ራሴን አሞኛል ብሎ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ወጣ። በአራተኛው ቀን ተቀበረ። ቲቸር ጥሩነህ ስሙን በቀይ እስኪርቢቶ ሰርዘውት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን እናቱ እትዬ ተሻለች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው «የልጄን ካርድ ስጡኝ» አሉ። መምህሩ እምቢ ማለት አቃታቸው። «ያለውን ደምሪና አንድ ካርድ ጻፊላቸው» አሏት ውዳሴን፣ ፊቷን ሳያዩ።

ያለው ግን እንዴት ይደመራል? በመጀመሪያው መንፈቅ 942 አምጥቶ አማካዩ 94.2 ነበር። በሁለተኛው የተያዘለት ከሃምሳው ብቻ ነው፤ የማጠቃለያውን ሃምሳ አልተፈተነም። ያልተፈተነው በዜሮ ሲያዝ ድምሩ 438 ሆነ፣ ለአሥር ሲካፈል 43.8። የሁለቱን መንፈቅ አማካይ ደምራ ለሁለት ስታካፍለው 69 መጣ።

«ዜሮማ አይያዝም» አለ ዳዊ። «ዜሮ ተፈትኖ ለወደቀ ነው። እጥፍ አድርጊው! ከሃምሳ ይህን ያህል ካመጣ ከመቶ እጥፉን ያመጣ ነበር።»

እውነቱን መሰላት። ቶሎ ብላ አባዛችው። 876፤ አማካዩ 87.6። ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 90.9 ሆነ። የራሷ 92.8 ነው።

«ሁለተኛ» አለች።

«ማን አንደኛ ሆኖ?»

በጣቷ የራሷን መስመር አሳየችው። ዳዊ ሮስተሩን አየና «በቃ ተበላ በያ» አለ፤ ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። እሱም አልሳቀም።

ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ማኑሄ አንደኛ፣ ውዳሴ ሁለተኛ ነበሩ። «ጀርባዬን ደህና አድርገሽ እያየሽው ነው?» ይላታል ካርድ በተሰጠ ቁጥር። አንድ የፈተና ጠዋት፣ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ምነው ማኑሄ ዛሬ እንኳ ቢቀር ብላ ተመኝታ ታውቃለች። ማንም አልሰማትም። እሷ ግን ሰምታዋለች።

ታዲያ ማኑሄ በሁለተኛው መንፈቅ ምን ሆኖ ቀነሰ? በጣቷ መስመሩን ተከተለች። ሒሳብ፦ መጋቢት ላይ ከአሥር አሥር። ሚያዝያ መጀመሪያ ከሃያ አሥራ ሁለት። ሚያዝያ መጨረሻ ከሃያ ዘጠኝ። ያችን ዘጠኝ ታስታውሳታለች። ወረቀቱ ሲመለስለት ጭንቅላቱን ዴስኩ ላይ አስተኝቶ ነበር፤ እሷ ወረቀቱን መንጭቃ አየችና «ተበላህ!» ብላ ጮኸች። ቀና አላለም። ያን ቀን እስከ ቤቷ ድረስ ደስ ብሏት ነበር የሄደችው።

በሁለት ያባዛችው ራስ ምታቱን ነበር። እርሳሷን አስቀመጠች።

«ስሚኝ» አለ ዳዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእናቱ አንደኛ ብለሽ ጻፊላቸው። ማንበብ አይችሉም አይደል? ማን ያጣራል?»

ውዳሴ ባዶውን ካርድ ሳበች። የመጀመሪያውን መንፈቅ ሙሉውን ጻፈች። በሁለተኛው የየትምህርቱን ውጤት እንዳለ አስቀምጣ፣ ከእያንዳንዱ ጎን «ከ50» ብላ ጻፈች። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ የሚሉትን ሣጥኖች ባዶ ተወቻቸው። ወደ ቲቸር ጥሩነህ ወሰደችው፤ ባዶዎቹን ትንሽ አዩና ፈረሙ።

የእትዬ ተሻለች የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አጠና ተራ ነው። በየዓመቱ ሁለቱ ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ይሮጡና ውዳሴ የሁለቱንም ጮክ ብላ ታነብላቸው ነበር። ዛሬ መንገዱ ቶሎ አለቀባት።

እትዬ ተሻለች ካርዱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው የተለጠፈውን ፎቶ አዩ።

«ስንተኛ ወጣ?»

«ደረጃ የለውም፣ እትዬ። ፈተናውን አልጨረሰም።»

«እሱማ አልጨረሰም።» ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አቧራ አልነበረበትም። «አንደኛ ማን ወጣ ታዲያ?»

«እኔ» አለች።

እትዬ ተሻለች እንኳን ደስ ያለሽ አላሉም። አላለቀሱምም። ከበርጩማው ላይ የተደራረቡትን ሳፋዎች አነሱላት።

«ቁጭ በይና አንብቢልኝ፣ የኔ እናት። ሁሉንም። ሒሳብ ይወድ አልነበር? ከሱ ጀምሪ።»

ተቀመጠች። የመጀመሪያውን መንፈቅ ብቻ አንብባ ወደሚቀጥለው ትምህርት፣ ወደ አማርኛ፣ ማለፍ ትችል ነበር።

«ዘጠና ስምንት» አለች። ቀጥሎ ያለው ላይ ጣቷ ቆመ። «ሁለተኛው... ሠላሳ አንድ። ከሃምሳ።»

«ምነው እንዲህ ቀነሰ?»

«ራሱን ያመው ነበር፣ እትዬ» አለች ውዳሴ። «ሚያዝያ ላይ። ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ ሲያስተኛ አይቼው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።»